እግሩ መሬት የነካ ይልበስ፦ በአንድ የጎጃም መጋዘን ስለ ደህንነት ልብስ የተነሳ ቅሬታ

በሩ ላይ ያየሁት

ከመጋዘኑ በር ማዶ አንድ ወጣት የደህንነት ልብስ ያከራይ ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ። ሾፌሩ በር ላይ ይከራያል፣ ለብሶ ይገባል፣ ጭነቱን አራግፎ ሲወጣ ይመልሳል። ያው ልብስ ወዲያው ለሚቀጥለው ሾፌር ይሰጣል። በቀን ስንት ሰው ላይ እንደሚዞር ልጁ ራሱ አይቆጥረውም። ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ላብ ሳይደርቅ ሌላ ጭንቅላት ላይ ያርፋል።

በሥራ ቦታ ደህንነት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ወደዚያ ግቢ የተጠራሁት «ሾፌሮቹ የደህንነት ልብስ ልበሱ የሚለውን ደንብ አላከብርም ብለዋል፣ ናና አስተምርልን» ተብዬ ነው። በሩ ላይ ያንን ልጅ ሳይ ግን ነገሩ የትምህርት እጦት እንዳልሆነ ገባኝ። ሾፌሮቹ ደንቡን ጠንቅቀው ያውቁታል። በሩን ለማለፍ ምን እንደሚበቃም ያውቃሉ።

ጉዳዩ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። አሁን የጻፍኩት በየሄድኩበት ግቢ ያንኑ ደንብና ያንኑ ኩርፊያ ስለማገኝ ነው። የሰዎቹንም የድርጅቱንም ስም አልጠቅስም። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም ነው ማለት ይበቃል።

ግቢውና መንገዱ

ግቢው የማዳበሪያና የእህል መጋዘን ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ዩሪያና ኤንፒኤስ የሚባሉት ማዳበሪያዎች ይገቡበታል። ከመኸር በኋላ ደግሞ በቆሎና ስንዴ ይወጣበታል። ማዳበሪያው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚመጣ ነው። ገበሬው በቆሎ ሲዘራ መድረስ አለበት፣ ለጤፍም በሐምሌ መኖር አለበት። ስለዚህ መኪኖቹ በአንድ ሰሞን ይግተለተላሉ። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይዞ ይመጣል። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ 800 ከረጢት ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚራገፈው በሰው ትከሻ ነው።

ሾፌሩ ምን ዓይነት መንገድ ቆርጦ እንደሚመጣ ሳያውቁ ስለ ልብሱ መፍረድ አይቻልም። ከጅቡቲ ሲነሳ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ብዙዎቹ ሽርጥ አገልድመው፣ በካናቴራና በሸበጥ ነው የሚነዱት። የአፋርን ቆላ አቋርጠው ደጋ ይወጣሉ። ከአዲስ አበባ በኋላ ጎሐ ጽዮን ይደርሱና የዓባይን በረሃ ይወርዳሉ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ታች ሲደርሱ ጋቢናው እንደ ምጣድ ይግላል። ሾፌሩ ያን ሁሉ መንገድ ፍሬኑን እያዳመጠ፣ በከባድ ማርሽ፣ በእግሩ ጣት ስሜት ነው የሚወርደው። ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ብርድ፣ ጉምና ዝናብ ይቀበለዋል። ሽርጡ ይወልቃል፣ ጃኬት ይደረባል፣ ማታ ጋቢ ይከተላል።

ይህ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ሁለት ቀን ወረፋ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ነው ጥበቃው ወጥቶ «ሄልሜትህ የት አለ?» የሚለው።

አደጋው

ደንቡ ከሰማይ አልወረደም። በአንድ የግንቦት ምሽት፣ ሲመሻሽ፣ አንድ ተሳቢ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና» ይላል። ዝናብ ነበር። ሌላ መኪና ጎን ለጎን ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አንድ ጫኝ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ «ቁም!» ብሎ ይጮሃል። ሾፌሩ የማንን ድምፅ እንደሚሰማ አላወቀም። ረዳቱ በተሳቢው ጫፍና በመጋዘኑ ማራገፊያ ግንብ መካከል ተያዘ። ከጉልበቱ በታች እግሩ ተሰበረ።

ልጁ ተርፏል። ከብዙ ወራት ሕክምና በኋላ በእግሩ መራመድ ችሏል። ወደ መኪና ሥራ ግን አልተመለሰም። ሾፌሩ ያን ቀን መሪውን ይዞ ማልቀሱን በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ነግራኛለች። ደንቡን የተቃወሙት ሾፌሮች ለሰው ሕይወት ደንታ የላቸውም ይባል ነበር። ይህ ውሸት ነው። ያን ረዳት እንደ ልጃቸው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ለሕክምናው ብር ያዋጡትም እነሱ ናቸው።

የወጣው ደንብ

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወደ ግቢው የሚገባ ማንኛውም ሾፌር አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ሄልሜትና ብረት አፍ ያለው ጫማ መልበስ አለበት። ጋቢና ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። ያልለበሰ አይገባም። ገብቶ ያወለቀ 500 ብር ይቀጣል፣ ካልከፈለ የርክክብ ሰነዱ አይፈረምለትም።

ማስታወቂያው ስለ ረዳት ምንም አይልም። ስለ ጫኝና አውራጅም ምንም አይልም። የተጎዳው ረዳት ሆኖ ሳለ ግዴታው የተጣለው ሾፌሩ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ኃላፊውን ጠየቅሁት። በቅንነት መለሰልኝ፦ «ሾፌሩን በሰነድ ልይዘው እችላለሁ። ረዳቱን በምን እይዘዋለሁ?»

ይህን መልስ ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበታለሁ። ደንቡ የተጻፈው አደጋው ያለበትን ቦታ አይቶ አልነበረም። ለመቆጣጠር የቀለለውን ሰው አይቶ ነበር።

ሾፌሮቹ ምን አሉ

ቅሬታቸውን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ንዴቱ ነው። ንዴቱ ሲበርድ ፍሬ ያለው ነገር ይመጣል።

አንደኛው ጫማ ነው። ብረት አፍ ያለው ጫማ ለከባድ ነገር ውድቀት የተሠራ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ፣ በአይኤስኦ 20345፣ ጣት ላይ የሚያርፍ የ200 ጁል ምት መቋቋም አለበት። 20 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ እንደሚያሳርፈው ማለት ነው። ጥሩ ጫማ ነው። ግን ሶሉ ወፍራም፣ አፉ ሰፊ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፔዳል፣ በስስ ሶል ለምዶ የኖረ ሾፌር ድንገት በኪራይ ጫማ፣ ያውም ልኩ ባልሆነ ቁጥር ሲነዳ የፔዳሉ ስሜት ይጠፋበታል። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ በዚህ ጫማ ፍሬኑን ይሁን ነዳጁን የረገጥኩት አላውቅም።»

ሁለተኛው የኪራዩ ልብስ ንጽህና ነው። በቀን ብዙ ሰው የለበሰውን ሄልሜት ማድረግ ያስጠላል። የራስ ቆዳ በሽታም ያዛምታል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ሾፌሩ የመጋዘኑ ሠራተኛ አይደለም። አሠሪው የመኪናው ባለንብረት ነው። ባለንብረቱ «እኔ መኪና እንጂ ግቢ የለኝም» ይላል። መጋዘኑ «እኔ አልቀጠርኳቸውም» ይላል። መሃል ላይ ኪሱ የሚገባው ሾፌሩ ነው።

አራተኛው ግን ከሁሉም የከበደው ነው። የተናገረው በዕድሜ የገፋ ሾፌር ነበር፣ ወጣቶቹ ጋሼ የሚሉት። «ልጄ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሄልሜት አድርግ እባላለሁ። 50 ኪሎ ተሸክሞ ከመኪናዬ ሥር የሚመላለሰው ልጅ በሸበጥ ነው። ስለ ሰው ያሰበ ማንም ይህን አይጽፍም።»

ለዚህ ንግግር መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የተሞከረው

ስህተቱ ውስጥ እኔም እጄ ስላለበት ይህንን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ምክሬ ቀላል ነበር። ኪራዩ ይቅር፣ መጋዘኑ ገዝቶ በነጻ ያውስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያዛል። መጋዘኑ የሾፌሮቹ አሠሪ ባይሆንም አደጋው ያለው በእሱ ግቢ ነው። ኃላፊው ተስማማ።

ልብሱ ተገዛ። ጫማው የመጣው በሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፣ 42 እና 43። ቁጥሩን ከሾፌሮቹ ሳልጠይቅ ግዥውን ማስጀመሬ የእኔ ጥፋት ነው። እግሩ ትንሽ የሆነ ሾፌር ካልሲ ደራርቦ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ መኪና ወደ ማራገፊያው ሲጠጋ የጫማው ጠርዝ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ መካከል ተሰነቀረ። መኪናው ግንቡን ገጨ። ሰው አልተጎዳም። ግን ከመኪናው ፊት አንድ ጫኝ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ለደህንነት ብለን ያደረግነው ነገር ሰው ይገድል ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰደርያዎቹም በሦስት ሳምንት ውስጥ ቆሸሹ። ቅጣቱም አልሠራም። ሾፌሩ ጥበቃው ሲያየው ይለብሳል፣ ጥበቃው ዞር ሲል ወንበር ላይ ይሰቅለዋል። በሾፌርና በጥበቃ መካከል ጠብ በዛ። አንድ ጊዜ ከስድብ አልፎ ግብግብ ተፈጠረ። ቡና አፍይዋ ባትገላግል ኖሮ ፖሊስ ጣቢያ ይደርስ ነበር።

ሦስት ቀን ቆሜ ያየሁት

ከዚያ በኋላ ምክር መስጠት አቆምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ የግቢው ጥግ ላይ ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱ ሰው መቼ መሬት ላይ እንደሚሆን፣ መቼ ከፍታ ላይ እንደሚወጣ፣ መቼ ከመኪና ኋላ እንደሚሆን ጻፍኩ። ይህ መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ሥራ ነው።

ያገኘሁት ካሰብኩት በጣም የተለየ ነበር።

ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ሰደርያውም ሄልሜቱም የሚሰጠው ነገር የለም። ማንም አያየውም፣ ምንም ራሱ ላይ አይወድቅም። አደጋ ውስጥ የሚገባው ከጋቢናው በወረደባት ደቂቃ ነው። ሸራ ለመፍታት፣ ስፖንዳ (የጭነቱን ጎን መዝጊያ) ለመክፈት፣ ሰነድ ለማስፈረም ይወርዳል። በዚያች ደቂቃ ደግሞ አብዛኛው ልብሱን ወንበር ላይ ጥሎት ነው የሚወርደው። ጋቢና ውስጥ ስለሞቀው ቀድሞ አውልቆታል። ማለትም ደንቡ በማያስፈልገው ሰዓት አስለብሶ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት እንዲያወልቅ አድርጎታል።

ሁለተኛ፣ ከባዱ አደጋ ሸራው ላይ ነበር። ሾፌሩና ረዳቱ ገመድ ለመፍታት ጭነቱ አናት ላይ ይወጣሉ። ከመሬት 4 ሜትር ገደማ ነው። ሸራው በዝናብ ረጥቧል፣ ይሙለጨለጫል። የሚይዙት ነገር የለም። ሄልሜቱ የአገጭ ማሰሪያ ስለሌለው ጎንበስ ሲሉ ይወድቃል፣ ስለዚህ ያወልቁታል። የሰደርያው ጠርዝ የገመዱ መንጠቆ ላይ ሲይዝ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። አንጸባራቂ ሰደርያ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ነው። ይህ የሚሠራው በቀን ነው። ከፀሐይ የሚመጣውን ዓይናችን የማያየውን ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ይለውጣል። ለዚህ ነው በደመናና በጉም ውስጥ እንኳ ጎልቶ የሚታየው። ለጎጃም ክረምት እጅግ ጠቃሚ ነው። ማታ ግን ጨርቁ አያበራም። ሁለተኛው ብርማው ጥብጣብ ነው። ውስጡ ጥቃቅን የመስተዋት እንክብሎች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ብርሃኑን ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሰው ይልኩታል። የፊት መብራት ሲያርፍበት ለሾፌሩ ቦግ ብሎ የሚታየው ሾፌሩ ከመብራቱ አቅጣጫ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ አስቡት። ረዳቱ ከኋላ ነው። የፊት መብራቱ እሱን አያገኘውም። የሚያገኘው የኋላ ማርሽ መብራት ብቻ ነው፣ ያውም ከበራ። ጥብጣቡ ያንን ብርሃን የሚመልሰው ወደ ኋላ መብራቱ ነው። ሾፌሩ ያለው ከ15 ሜትር በላይ ወደ ፊት ርቆ፣ በመስተዋት እያየ ነው። ስለዚህ ያ ረዳት በዚያ ምሽት ምርጡን ሰደርያ ቢለብስ እንኳ ጥብጣቡ አያድነውም ነበር። ያስፈልገው የነበረው የግቢ መብራት ነው። ማራገፊያው ጋ የነበረችው አንዲት ፓውዛ ደግሞ ከተቃጠለች ቆይታለች።

በተጨማሪ፣ ጥብጣቡ አቧራና ማዳበሪያ ሲለጠፍበት እንክብሎቹ ይሸፈናሉ። የቆሸሸ ሰደርያ ማታ ተራ ጨርቅ ነው።

የቡና ዳሱ ስብሰባ

ኃላፊውን «ሾፌሮቹን ቢሮ አትጥራቸው» አልኩት። ቢሮ ሲጠሩ ለወቀሳ ነው የሚመስላቸው። በር ላይ ባለው የቡና ዳስ ተሰበሰብን። ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ተወካዮች፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ባለንብረት፣ ኃላፊው። ዝናብ እየጣለ ስለነበር ማንም ቶሎ ልሂድ አላለም።

ኃላፊው ወንበሩን ትቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ጨዋታው ግን ከዚያ በኋላ ነው የተለወጠው።

አዋጁን ጠቀስኩላቸው። አንቀጽ 93 ሠራተኛው የደህንነት ደንቦች ሲወጡ እንዲተባበርና እንዲፈጽም ይላል። ሰው ደንብ ሲወጣ የሚተባበረው ሲጠየቅ ነው። እስከዚያ ቀን አልተጠየቁም ነበር። ከዚያ የሦስት ቀን ማስታወሻዬን አነበብኩ። ማንንም ሳልወቅስ፣ ያየሁትን ብቻ። ሸራው ላይ ስደርስ ሾፌሮቹ ዝም አሉ። አንዱ ረዳት ከሸራ ላይ ወድቆ የትከሻውን አጥንት እንደሰበረ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ያን ጊዜ ነው ያወጣው።

አዲሱን ደንብ ያወጡት ያው አረጋዊ ሾፌር ናቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ምን ያስቸግራል? እግሩ መሬት የነካ ይልበስ» አሉ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። በማስታወቂያው ላይ እንዳለ ተጻፈ።

የተለወጠው

በሩ ተዘግቶ ጋቢና ውስጥ ያለ ሾፌር ምንም ልብስ አይገደድም። ቀበቶውን ግን ያስራል። እግሩ መሬት ሲነካ ሰደርያ ይለብሳል፣ ማንም ይሁን ማን። ሾፌር፣ ረዳት፣ ጫኝ፣ ጥበቃ፣ ኃላፊው ራሱ። ኃላፊው በመጀመሪያው ሳምንት ረስቶ ሲወጣ ጥበቃው አስቆመው። እሱም ተመልሶ ለብሶ ወጣ። ይህን ያየ ሾፌር ሁሉ ለሌላው አወራ።

ጫማው ለሁለት ተከፈለ። ለሾፌሩ ጣቱንና ተረከዙን የሸፈነ፣ ሶሉ የማይሙለጨለጭ የራሱ ጫማ ይበቃል። ሸበጥ አይፈቀድም። ብረት አፍ ያለው ጫማ የሚያስፈልገው ከረጢት ለሚሸከመው ነው። ሄልሜት ደግሞ ከረጢት ከፍ ተደርጎ በሚደረደርበት መጋዘን ውስጥ ብቻ ግዴታ ሆነ። የአገጭ ማሰሪያ ያለው ተገዛ። ከሥሩ የሚደረግ፣ በየቀኑ የሚታጠብ ስስ የጨርቅ ቆብ ተሰፋ። የሰፋው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው።

ሰደርያው ከበሩ በነጻ ይሰጣል፣ ሲወጡ ይመለሳል። የሚያድለው፣ የሚቆጥረውና የሚያጥበው ያ ልብስ ያከራይ የነበረው ልጅ ሆነ። ደመወዝ ተቆረጠለት። ይህን ሐሳብ ያመጣችው ቡና አፍይዋ ናት። «እንጀራውን ዘግታችሁ ስለ ደህንነት አታውሩ» ነበር ያለችው፣ እውነቷን ነው። ሰደርያው የተመረጠው በአንጸባራቂ ልብስ ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ በአይኤስኦ 20471፣ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ደማቁ ጨርቅ ቢያንስ ግማሽ ካሬ ሜትር የሆነው። ጎኑ በቶሎ የሚላቀቅ ማያያዣ ያለው ነው፣ መንጠቆ ሲይዘው ሰውየውን እንዳይጎትት።

ትልቁ ለውጥ ግን ከልብስ ውጭ ነው። በሙያችን የታወቀ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደጋውን ማጥፋት፣ ካልሆነ በቀለለ ነገር መተካት፣ ካልሆነ ሰውና አደጋውን በግንብ ወይም በመሣሪያ መለየት፣ ቀጥሎ አሠራር ማስተካከል። ልብስ የመጨረሻው ነው። እዚያ ግቢ የመጨረሻው መጀመሪያ መጥቶ ነበር።

ስለዚህ ፓውዛዎች ተተከሉ። ሦስት ናቸው። ከመኪናው ኋላና ጎን ያለውን ቦታ በሙሉ ያሳያሉ። ረዳቱ ከመኪናው ኋላ መቆሙ ቀረ። በምትኩ አንድ የግቢ አስቀዳሚ፣ ሾፌሩን በምልክት የሚመራ ሰው፣ ተመደበ። ከሾፌሩ ጎን፣ በመስተዋት በሚታይበት በቢጫ ቀለም የተሠመረ ቦታ ላይ ይቆማል። ምልክት የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ሾፌሩ እሱን በመስተዋት ካጣው ወዲያው ይቆማል። «ቁም» ማለት ግን ለማንም ተፈቀደ። ለሸራው ደግሞ አንድ የብየዳ ባለሙያ መሰላልና መደገፊያ ያለው የብረት መድረክ ሠራ። መኪናው ጎኑን አስጠግቶ ይቆማል። ገመዱ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ይፈታል። ሸራው ላይ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀረ።

ቅጣቱ ተነሳ። ያልለበሰ ሰው ሲገኝ ሥራው ይቆማል፣ ለብሶ ይቀጥላል። ማራገፍ መዘግየቱ ለሾፌሩ ከ500 ብር በላይ ያመዋል።

ያልተሳካው

ሁሉም አልተሳካም። ወረፋው አልተፈታም። ማዳበሪያ በአንድ ሰሞን እስከመጣ ድረስ መኪኖች ይሰለፋሉ። ከሾፌሩ ንዴት ግማሹ የሚመጣው ከወረፋው እንደሆነ አሁንም አምናለሁ። ሁለት ቀን መንገድ ዳር አድሮ፣ መጸዳጃ አጥቶ፣ ዝናብ ሲደበድበው ለቆየ ሰው ሰደርያ ማቀበል ትዕግሥቱን መፈተን ነው። መጸዳጃ ቤት ተሠራ፣ የወረፋ ቁጥርም በስልክ መነገር ጀመረ። ጥቂት አቀለለው።

የብረት መድረኩ ለአንዳንድ መኪና አይገጥምም። ጭነቱ ከተለመደው ከፍ ብሎ ሲመጣ ሾፌሩ አሁንም አናት ላይ ይወጣል።

ባለንብረቶቹም ብዙ አልረዱም። ለሾፌሮቻቸው ጫማ እንዲገዙ ተጠይቀው እሺ ያሉት ጥቂት ናቸው። አዋጁ ግዴታውን የሚጥለው እነሱ ላይ ነው። አንድ ሾፌር ባለንብረቱን ሲጠይቅ «ልብስ የሚያምርህ ከሆነ ሌላ መኪና ፈልግ» ተባልኩ ብሎኛል። መጋዘን ይህን ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም።

ሌላ ግቢ ላይ የሚሠራው

ከዚያ ወዲህ ያን ተሞክሮ ወደ ሌሎች ግቢዎች ይዤ ሄጃለሁ። ጠጠር የሚያመላልሱ ገልባጮች ያሉበት ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ) ላይም፣ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ላይም። እንዳለ አይገለበጥም። ክሬሸር ላይ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖም ሎደሩ፣ የሚጭነው ማሽን፣ ድንጋይ ሊጥልበት ይችላል። ስለዚህ እዚያ የተሻለው ሲጫን ከጋቢናው ሳይወርድ መቆየቱ ነው፣ ጋቢናው ጠንካራ መከለያ ካለው። ከሌለው ደግሞ ርቆ እንዲቆም ነው። «እግሩ መሬት የነካ» የሚለው እዚያ ብቻውን አይበቃም።

የሚተላለፈው አካሄዱ ነው። ደንብ ከመጻፍ በፊት ቆሞ ማየት። አደጋው የደረሰበት ሰው ማን ነበር፣ ደንቡ የሚያስገድደውስ ማንን ነው ብሎ መጠየቅ። ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ ደንቡ ተሳስቷል። ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ከመቆጣት በፊት ለምን እንዳወለቀ መጠየቅ። ሙቀት ይሁን፣ መንጠቆ ይሁን፣ ቁጥሩ ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያት አለው። ጫማ ከመግዛት በፊት የእግር ቁጥር መሰብሰብ፤ እኔ ይህንን በውድ ዋጋ ተምሬዋለሁ። ልብሱን የሚያጥብና የሚቆጥር ሰው ሳይቀጥሩ ልብስ አለመግዛት። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ባለበት ግቢ ደግሞ ገንዘቡ መጀመሪያ መብራትና አንድ የሠለጠነ አስቀዳሚ ላይ ቢውል ይሻላል።

ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚያ ግቢ የሄድኩት በሰኔ ነው። በሩ ላይ ወረፋ ነበር። ያ ልጅ የታጠቡ ሰደርያዎችን ገመድ ላይ አስጥቶ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠ ይሰበስባል። ጫኞቹ ሁሉም ሰደርያ ለብሰዋል። እግራቸውን ግን አየሁ። ብረት አፍ ያለው ጫማ የደረሳቸው ከግማሽ በታች ናቸው። ማኅበሩ ከገቢው እያጠራቀመ እንደሚገዛ፣ መጋዘኑም ግማሹን ለመሸፈን ቃል እንደገባ ነገሩኝ። የቀሩት በሸበጥ፣ 50 ኪሎ ተሸክመው፣ እርጥቡን መወጣጫ እየወጡ ነበር።